ለካምቢዮው አራት

ንጋት ላይ ቤቱን የሞላው የተበላሸ እንቁላል ሽታ ነበር። የወንድምየው ሚስት በሌሊት ልብሷ እጅጌ አፍንጫዋን ይዛ ማድ ቤት ስትገባ፣ የባሏ ታላቅ እህት ጋዝ ምድጃው ፊት በርጩማ ስባ ተቀምጣለች። ምድጃው ላይ ሁለት የቆርቆሮ ጣሳዎች ጎን ለጎን ተጥደዋል። በጣሳዎቹ ውስጥ ዘይት ይሞቃል፤ በእያንዳንዱ ዘይት ውስጥ ደግሞ በቀጭን ሽቦ የታሰረ አንድ አንድ የነሐስ ቀለበት ተንጠልጥሏል። የኬክ መጋገሪያው ቴርሞሜትር ሳይቀር አንደኛው ጣሳ ውስጥ ቆሟል።

«እትዬ! ምን ጉድ ነው ይሄ? ቤቱ እኮ ገማ!»

«ይሸታል እንዴ?» አለች እሷ።

የወንድምየው ሚስት ዘወር ብላ አየቻት። ጥያቄው ከሌላ ሰው ቢመጣ ምንም አልነበረም። ይህቺ ሴት ግን በወንድሟ ጋራዥ ብቻ ሳይሆን ጋራዦቹ በተደረደሩበት መንገድ ሁሉ «አፍንጫ» ተብላ የምትታወቅ ናት። የተቃጠለ የማርሽ ዘይትን ከተቃጠለ የሞተር ዘይት በር ላይ ቆማ ትለያለች። ከሦስት ግድግዳ ማዶ የሚፈስ ጋዝ አሽትታ አንድ ጎረቤት አድናለች እየተባለም ይወራል፤ እውነት ይሁን አይሁን እሷም አላስተባበለችም። ዛሬ ግን ብርቱ ጉንፋን ከያዛት ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ እንኳን የዘይት፣ የገዛ ሳሙናዋ ሽታ እንኳ አይሸታትም። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ለመናገር የሚያመች ሰሞንም አልነበረም፤ አንዲት የጥርስ ሐኪም ጋራዡ ያስገባቻት የውድድር መኪና ዛሬ ዘይት ይሞላባታል፣ ነገ ደግሞ ለዳገት ሽቅድምድም ትሰለፋለች።

«ትንሽ ነው የቀረው፤ መስኮቱን ክፈቺው» አለቻት። ሚስትየው መስኮቱን በኃይል በርግዳ፣ ስለ ቴርሞሜትሯ ልትናገር አሰበችና ተወችው፤ ወደ መኝታ ቤት ተመለሰች። በሩን ገርበብ ብቻ ነው ያደረገችው። አንድ ቤት ውስጥ ሃያ ዓመት የኖሩ ሰዎች በር መዝጋት ይረሳሉ።

«ተያት ባክሽ» አለ ወንድሟ ከውስጥ፣ በእንቅልፍ በጎረነነ ድምፅ እየሳቀ። «እህቴ እኮ አፍንጫ ነው ያላት እንጂ ዕውቀት የላትም። አፍንጫ ደግሞ ያረጃል። ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ የካምቢዮውን ሥራ ለልጁ አስረክበዋለሁ፤ ዲፕሎማ ያለው እሱ ነው። እሷ ቢሮ ቁጭ ብላ ስልክ ታንሳ።» ልጁ የሚለው አማቹን ነው፣ የሴት ልጁን ባል።

እሷ እዚያው በርጩማዋ ላይ ከፋት። ሌላ ቃል አያስፈልገውም፣ ከፋት። ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ክሪክ ከየት ሥር እንደሚገባ ያሳየችው እሷ ናት። ጋራዡ ከአባታቸው ሲተላለፍ «ሴት ልጅ ምን ታደርግበታለች» ተብሎ በእሱ ስም ሲሆን ዝም ብላለች። አፍንጫ ሲሏትም ትስቅ ነበር፤ ሙገሳ ማን ይጠላል? አሁን ግን ገባት። ለካስ ያ ሁሉ አድናቆት ለአዳኝ ውሻ እንደሚባለው ያለ ነው። ከየጣሳው ጀርባ ፊደል እየቆጠረች ያነበበችው፣ ከተፈታ ካምቢዮ ሁሉ ቀለበት እየለቀመች የለካችው፣ ስታበላሽም ስታስተካክልም የተማረችው ሁሉ በዚህች በአንዲት ቅጽል ስም ተሸፍኖ ኖሯል።

ሰዓቱ ሲሞላ እሳቱን አጠፋች፤ ቀለበቶቹንም በሽቦአቸው ጎትታ አወጣች። ነገሩ እንዲህ ነው። የማርሽ ዘይት ጣሳ ጀርባ ላይ አንዲት ቁጥር አለች፤ ወይ አራት ትላለች ወይ አምስት። አምስቱ የኋላውን ጎማ በሚያዞረው በዲፈረንሻሉ ውስጥ ክፉኛ ለሚፋተጉ ጥርሶች የተሠራ ነው፤ እንዳይበላሉ ብዙ ድኝ ይገባበታል። አራቱ ድኙ ያነሰ ነው፤ በካምቢዮ፣ ማርሽ በሚቀየርበት ሳጥን ውስጥ ለሚገኙ የነሐስ ቀለበቶች ይስማማል። ቁጥሩ የሥራ ልዩነት እንጂ የክብር ደረጃ አይደለም። ለሰው ሁሉ ግን አምስት ከአራት ይበልጣል፤ ዋጋውም ይወደዳል፤ ስለዚህ መኪናዬን እወዳለሁ የሚል ሁሉ አምስቱን ገዝቶ በየቀዳዳው ያስሞላል። ከአራቱ ጣሳ የወጣው ቀለበት እንደገባ ቢጫ ሆኖ ወጣ። ከአምስቱ የወጣው ጠቁሯል፤ በጨርቅ ብታሸው ብታሸው ጥቁረቱ አልለቅ አላት። ሁለቱንም በመሐረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ቁርስ ላይ ወንድሟ «ደህና አደርሽ?» አላት፤ «ደህና» አለችው። ሻዩን ጠጥቶ ወጣ።

ወደ ሥራ ስትሄድ ዘይት ሻጩ ዘንድ ጎራ አለች። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ጣሳዎቹ ከወለሉ እስከ ጣሪያው ተደርድረው ለሰው የቀረው አንድ ሰው ተኩል የሚያቆም ቦታ ነው። ሻጩ ደንበኛ በተሰበሰበ ቁጥር ስሙ ያልተጻፈበት ዘይት በክዳን ቀድቶ አፍንጫዋ ሥር የማቅረብ ልማድ አለው፤ እሷ ስታውቀው እሱ የወለዳት ያህል ይኮራል። ዛሬም ሁለት ሹፌሮች ቆመው ስላገኘ ክዳኑን ይዞ ብቅ አለ። «ዛሬ አፍንጫዬ ዕረፍት ወጥቷል» አለችው። ሹፌሮቹ ሳቁ፤ እሱ አኮረፈ። ለካምቢዮ የሚሆን አራት ቁጥር፣ በቅዝቃዜም ቢሆን የማይወፍር ስጠኝ ስትለው ደግሞ ጭራሽ ዓይኑን አፈጠጠ።

«ለሐኪሟ መኪና? አምስት እያለ አራት ይሞላል? ኧረ ያሳፍራል እትዬ!»

«ይፈር ያለው ይፈር። አንተ ብቻ አውርድልኝ።»

ጣሳዋን ተቀብላ መነጽሯን አደረገችና ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ ቁጥሯን፣ ቅጥነቷን፣ የተመረተችበትን ቀን፣ የክዳኗን ማሸጊያ። ሹፌሮቹ ጠብቀው ሰለቻቸው። ዋጋዋ ሰው ሁሉ ከሚሻማበት የውድድር ዘይት ሲሶውን አይሞላም። ሻጩ በጋዜጣ ሲጠቀልላት አንድ ነገር የሚያስደብቁት ይመስል ወደ በሩ አየት አደረገ።

ጋራዡ ሰፊ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። በሩ አጠገብ አሮጌ ታክሲዎች ይፈታሉ፤ መሐል ላይ ጎማ ይነፋል፤ ከሁሉም ርቆ፣ መስኮቱ ሥር፣ የካምቢዮ ጠረጴዛው አለ። የጥርስ ሐኪሟ መኪና ከጠረጴዛው አጠገብ ማንሻው ላይ ተሰቅላለች፤ ነጭ፣ ዝቅ ያለች፣ ወንበሯ ሁለት ብቻ፣ ቆማ እንኳ የቸኮለች የምትመስል። ጣጣዋ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነው፤ ቶሎ ሲቀየር ብረት ከብረት እየጮኸ ነው የሚገባው። ሌሎች ሁለት ጋራዦች ከፍተው ቀለበት ቀይረውላታል፤ ሁለቱም ጊዜ ጩኸቱ በሳምንቱ ተመልሷል። ሰሞኑን ደግሞ አማችየው ለሦስተኛ ጊዜ ከፍቶ አዲስ ቀለበት አስገብቶበታል። ልጁ ጨዋ ነው፣ ሥራውም ንጹሕ ነው፤ መፍቻዎቹን በነጭ ጨርቅ ላይ በቁመታቸው ይደረድራል፤ የካምቢዮውን ክዳን ሲገጥም እጁን ሦስት ጊዜ ሲታጠብ አይታዋለች። እሱን የምትጠላበት ምክንያት አልነበራትም፤ ጠዋት ገርበብ ባለው በር በኩል የሰማችውም የእሱን አፍ አልነበረም።

አራት ሰዓት ላይ የጥርስ ሐኪሟ ሁለት የውድድር ዘይት ጣሳዎች እንደ ሕፃን ታቅፋ ገባች። ጓደኞቿ ሁሉ የሚሞሉት ይህንኑ ነው፤ የአንዷ ጣሳ ዋጋ ለአንድ ረዳት መካኒክ የሁለት ሳምንት ደመወዝ ነው። ወንድምየው ሮጦ ተቀበላት፤ ጣሳዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሠራተኛው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«ይኸውልዎት ዶክተር፣ ካምቢዮውም ዲፈረንሻሉም ከዚሁ ከምርጡ ይሞላል። ከዚያ በፊት ግን አፍንጫችን ትፈትሽልዎታለች። እስቲ አሽትተሽ ንገሪያቸው!»

ክዳኑን ከፍቶ አፍንጫዋ ሥር አቀረበላት። ሁሉም ቆመው ያያሉ። እንደ ልማዷ ዓይኗን ጨፍና ራሷን ብትነቀንቅ ማንም አያውቅባትም ነበር፤ ለአንድ አፍታ አስባውም ነበር።

«ጉንፋን ይዞኛል» አለች። «ሦስት ቀኔ ነው፣ ምንም አይሸተኝም።»

ጎማ የሚያወልቀው ሰውዬ እጁን ከሥራው አነሳ። አንዱ ከመኪና ሥር አንገቱን ብቅ አድርጎ አያት። ወንድምየው መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ሳቀ። «በል እንግዲህ ልጄ፣ ሙላው» አለው አማቹን። «ዛሬ አፍንጫ የለንም።»

«አይሞላም።»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ ፈታችና ቀለበቶቹን ጎን ለጎን አስቀመጠች፤ ቢጫውንና የጠቆረውን። የተናገረችው ለወንድሟ ሳይሆን ለሐኪሟ ነው።

«ይህን ያጠቆረው እርስዎ እንዳመጡት ያለ አምስት ቁጥር ዘይት ነው፣ በአንድ ጠዋት። ይሄ ግን የውሎ አድሮ ጉዳቱ ነው፤ የአሁኑ ጣጣ ሌላ ነው። ማርሽ ሲቀይሩ ይህ ቀለበት የሚሽከረከረውን ጥርስ ጨብጦ ያዘገየዋል፤ ፍጥነታቸው ሲገጥም ነው ማርሹ ሳይጮህ የሚገባው። ሥራው መጨበጥ ነው። የእርስዎ ዘይት ደግሞ የተሠራው ለዲፈረንሻል ነው፤ እጅግ ያንሸራትታል። ሳሙና የተቀባ እጅ ጨብጥ ቢሉት ምኑን ይጨብጣል?»

«ሁለት ጋራዥ እኮ ቀለበቱ አልቋል ብለው ቀየሩልኝ!»

«ቀለበቱን ቀየሩት፤ ዘይቱን ግን ያንኑ መልሰው ሞሉት።»

ወንድምየው ፊቱ ቀላ። «ለዚህ ነዋ ጠዋት ቤቱን ያገማሽው! ካምቢዮ እኮ ምድጃ ላይ አይጣድም፣ እትዬ።»

«ዳገት ላይ ሲሮጥ ሙቀቱ ከዚያ አያንስም» አለችው።

«አንተ ተናገር» አለ ወደ አማቹ ዞሮ። «የተማርከው አንተ ነህ።»

ልጁ እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። ንጹሕ እጅ ነው፣ ግን ጠረገው፤ እንደገናም ጠረገው። ሚስቱ የዚህ ሰው ልጅ ናት፤ የሚኖሩት እሱ በሰጣቸው ክፍል ነው፤ የካምቢዮውም ጠረጴዛ እንደሚሰጠው ሳይነገረው አልቀረም። አንድ ቃል ከተነፈሰ ከሁለት አንዳቸውን ማስቀየሙ ነው። ሐኪሟ እንኳ ሰዓቷን ማየት አቆመች።

«ትምህርት ቤት… አንድ ገጽ ነበረች» አለ በመጨረሻ፣ ወለሉን እያየ። «እትዬ ያሉትን ነው የምትለው። እኔ ለፈተና አንብቤያት ረሳኋት።»

ሐኪሟ የጠቆረውን ቀለበት አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው፤ የሰው ጥርስ እንደምታይ አገላብጣ አየችው። «እኔም ለፊት ጥርስና ለመንጋጋ አንድ ዓይነት ማጣበቂያ አልጠቀምም» አለች። «እሺ፣ እርስዎ እንዳሉት ይሞላ። ከዚያ አብረን ወጥተን እንየው።»

ወንድምየው የሠራተኞቹን ዓይን እየሸሸ ወደ እህቱ ጠጋ አለ። «እንግዲህ እኔ የለሁበትም። ከጮኸ ጥፋቱ ያንቺ ነው። ከጮኸ ከዛሬ ጀምሮ ካምቢዮ የሚባል ነገር አጠገብ እንዳላይሽ።»

«እሺ» አለች። ሌላ ምን ትላለች? ቶሎ ብላም መኪናዋ ሥር ገባች።

አንዴ መፍቻ ከጨበጠች በኋላ ሁሉም ነገር ረጋ አለላት። አስቀድማ የመሙያውን ቡሎን ፈታች፤ ማፍሰሻውን የምትነካው መሙያው መፈታቱን ካረጋገጠች በኋላ ነው። አፍስሶ መሙያው አልፈታ ያለው መካኒክ የሚገባበትን ማጥ ታውቀዋለች። ለሙከራ ገብቶ የነበረውን ጥቂት ዘይት አፍስሳ ጨረሰች፤ የማፍሰሻው ማግኔት ላይ የተጣበቀውን የብረት ብናኝ በጣቷ አሸችው፤ ጥሩ፣ ልስልስ ነው፣ ስባሪ የለውም። አራት ቁጥሯን ጣሳ ሞቅ ባለ ውኃ ባልዲ ውስጥ አቆየቻት፣ ቀለል ብላ እንድትፈስ። ከዚያ በእጅ ፓምፕ ቀስ እያለች ሞላች፤ ዘይቱ በመሙያው አፍ ሞልቶ አንድ ሁለት ጠብታ ሥሩ ወደተቀመጠው ጣሳ እስኪያንጠባጥብ ጠብቃ ዘጋችው። የሐኪሟን ውድ ዘይት ደግሞ እውነተኛ ቦታው ወሰደችው፣ ወደ ኋላው ዲፈረንሻል። እዚያ ከጥርሶቹ በተጨማሪ ሁለቱን የኋላ ጎማ የሚያስተሳስሩ ስስ ዲስኮች አሉ፤ መኪናዋ ስትታጠፍ እነሱ እንዳይንቀጠቀጡ ትንሽ ብልቃጥ ማለስለሻ ጨመረችላቸው። ልጁ ሳይጠራ መጥቶ መብራት ይዞላታል። አንድም ጠብታ ወለሉ ላይ አልወደቀም። በዚያች ሰዓት፣ ወደ ላይ አንጋጣ፣ ፊቷ ላይ የዘይት ፍንጣቂ ይዛ፣ ኮራች። ይጩህ አይጩህ ገና አልታወቀም፤ እሷ ግን እያንዳንዷ ጠብታ ለምን እዚያ እንደገባች ታውቃለች።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ መሪውን ይዛ እሷ ጎን ተቀምጣ ወጡ። ወንድምየው በሩ ላይ እጁን አጣጥፎ ቀረ። ከከተማው ጫፍ የሚነሳው የዳገት መንገድ ጭር ብሏል። ሐኪሟ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ስትቀይር ፊቷ ኮስተር አለ። «ከበደኝ» አለች። መካኒኳ ወደ ማርሹ ዘንግ ጎንበስ ብላ አዳመጠች። ወዲያው ግን ራሷን ገሠጸች፤ ዘይቱ ገና አልሞቀም፣ ቀለበቶቹም አዲስ ናቸው፣ ምን ቸኮለች? «ሩብ ሰዓት በእርጋታ ይንዱት። ይሙቅ» አለች። ለራሷም የተናገረችው ይህንኑ ነው። ዛፎቹን እየቆጠሩ ወጡ፣ እየቆጠሩ ወረዱ። ከዚያ ሐኪሟ ጫማዋን አስተካክላ «ያዙኝ እንግዲህ» አለችና ነዳጁን እስከ ወለሉ ረገጠች። ሞተሩ አጓራ፤ ሁለተኛ ማርሽ ጣራው ላይ ሲደርስ ፍሪሲዮኑን መታ አድርጋ ማርሹን ወደ ሦስተኛ ጣለችው።

ምንም አልተሰማም። ማርሹ ገባ፣ በቃ። መኪናዋ ሽቅብ ተወነጨፈች።

ሐኪሟ ጮኸች፤ መካኒኳም ሳታስበው አብራ ጮኸች። ዞረው ደገሙት። ሠለሱት። ሐኪሟ ሆን ብላ አጣድፋ ቀየረችው፣ እልህ ተጋብታ ቀየረችው፣ ሲወርዱ ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ መለሰችው፤ ዝም። አሥር ጊዜ ቆጥራለች፣ አንዱም አልጮኸም። ከዚያ መንገድ ዳር አቁማ እየሳቀች መሪው ላይ ግንባሯን ደፋች። «ዓመት ሙሉ በቀለበት አሾፉብኝ!» አለች። የመካኒኳ ግን ሳቋ አልመጣም፤ ልቧ ቅቤ ጠጥቶ፣ እንባዋ መጥቶ፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች።

ሲመለሱ ወንድምየው እዚያው በሩ ላይ ነበር፤ ምሳም አልበላም። ሐኪሟ ከመኪናው ወርዳ ገና ሳይጠይቃት «ሐር ነው! ሐር!» አለችው። ሠራተኞቹ ሥራቸውን ጥለው ተሰበሰቡ። «አሁን ንገሩኝ» አለችው፣ ማስታወሻዋን አውጥታ። «ከውድድሩ በኋላ የካምቢዮውን በስንት ጊዜ ላስቀይር? የኋላውንስ?»

ወንድምየው አፉን ከፈተ። የጋራዡ ባለቤት እሱ ነው፣ ሁልጊዜም የሚመልሰው እሱ ነው። ከዚያ ወደ እህቱ ዞረ። «እሷን ይጠይቋት» አለ።

እሷም መለሰች። ከነገው ውድድር ማግሥት የኋላው ዘይት መውጣት እንዳለበት፣ ከዲስኮቹ የሚፋቀው ብናኝ ስለሚያቆሽሸው፤ የካምቢዮው ከሁለት ውድድር በኋላ እንደሚታይ፤ ቀለሙ ቢጠቁር እንደማያስደነግጥ፣ ነሐስ ቢያብረቀርቅበት ግን በዚያው ቀን ደውሉልኝ ብላ። ልጁ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ይጽፋል። ጎማ አውላቂው የሚሰማው ሁሉ የገባው ይመስል ራሱን ይነቀንቃል። ማንም አላቋረጣትም። ሐኪሟ ሁለቱንም እጆቿን ጨብጣ አመስግና መኪናዋን ይዛ ሄደች፤ በሩ ላይ ስትታጠፍ እንኳ የኋላ ጎማዎቿ አልተንቀጠቀጡም።

ሠራተኞቹ ተበተኑ። ወንድምየው አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ የጠቆረውን ቀለበት በጣቱ ያዟዙራል። እሷ ፓምፑን በነዳጅ ታጥባለች።

«እትዬ፣ ይኼን ሁሉ ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ጠይቋት አያውቅም። ቀለበቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ዓይኑን ከእሷ አሽሽቶ የመስኮቱን ትቢያ ማየት ያዘ። ታናሽ ወንድሟ በልጅነቱ ጥፋቱ ሲገባው እንዲህ ነበር የሚሆነው፤ ይቅርታ ከአፉ አይወጣም፣ አንገቱ ላይ ነው የሚታየው።

በዚህ መሐል ልጁ ከበሩ በኩል መጣ። ውጭ አንድ የጭነት መኪና ቆሟል፤ የካምቢዮው ዘይት መቀየሪያው ደርሷል። «ጋሼ፣ ስንት ቁጥር እናድርግለት?» አለ፣ ሁለቱን በየተራ እያየ።

«እኔን ምን ታየኛለህ?» አለ ወንድምየው ቆጣ ብሎ። ከጎማው ላይ ተነሳ፤ ሱሪውን አራገፈ፤ ሠራተኛው ሁሉ እንዲሰማም ድምፁን ከፍ አደረገ። «ካምቢዮ የእሷ ነው። እሷ ካላለች አንዲት ጠብታ አትሞላም፤ ሰምታችኋል ሁላችሁም?»

ሰምተዋል። እሷ እጇን በጨርቅ ጠረገች፤ መነጽሯን ከቱታዋ ኪስ አወጣች።

«መጀመሪያ የድሮውን አፍስሰህ አሳየኝ» አለችው ልጁን፤ ወደ ጭነት መኪናውም ቀድማው ሄደች።